ሦስተኛው ደረጃ ላይ

ቡርሳ፤ ከሆቴሉ ደረጃ ሦስተኛው ላይ፣
ዋይፋዩ እዚህች ብቻ ነው፤ የለም ከታች፣ የለም ከላይ።
ክፍሌ ድረስ አይዘልቅም፤
የታቹ ጫጫታ ደግሞ እንኳን ሌላ ራስን አያስደምጥም።
ጉልበቴን አቅፌ፣ ጀርባዬን ለቀዝቃዛው ግድግዳ ሰጥቼ፣
ሰማይ ላይ እንዳለሁ ሁሉ ሲም ካርዴን አጥፍቼ፣
እደውላለሁ ኮምቦልቻ፣
ከመፍተያ ማሽኑ ሥልጠና መልስ፣ ምሽት ምሽት ብቻ።

እሷም በርበሬ ወንዝ፣ የጓዳዋ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ፣
ከጎረቤት መድኃኒት ቤት የሚሾልከውን ሞገድ ጠልፋ
(በፈቃድ ነው፤ ነጃት ራሷ ናት የይለፍ ቃሉን የሰጠቻት፣
እህቴ ረውዳም "ጆሮሽን ብቻ አስጠጊ" ብላ ያሳየቻት)
"ወዬ ጀውሃሬ!" ትላለች፤
ከድምጿ ትንፋሿ ይቀድማል፤ ዳገት እንደወጣ ሰው ታለከልካለች።

በመጣሁ ሰሞንማ በአገር ቤቱ ሲም ነበር የምደውለው፤
የወሎ ሰላምታ ደግሞ ለቆጣሪ የማይመች ነው፤
ሰው ተጠይቆ፣ ከብት ተጠይቆ፣ የታመመው፣ የተዳረው፣
ገና ጎረቤት ሳንደርስ ሒሳቡ ነው የሚያልቀው።
"አልሐም..." እንዳለች ትቆረጣለች፤
ምስጋናዋ ግማሹ ባሕር ላይ ይቀራል፣ ግማሹን ለብቻዋ ትጨርሳለች።

አሁን ቆጣሪ የለም። ትጠይቀኛለች እስክትጠግብ፣
ሰላምታ ላይ ሰላምታ ስትደርብ።

ጣጣው ሌላ ነው፤ ድምፄ ጠራባት። ከልኩ በላይ ጠራ።
"ስማ፣ ደሴ ሆነህ ስትደውል እንኳ
ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ይሰበር ነበር፣ እንደ እንስራ፤
አሁን ከጓዳዬ ሆነህ ነው የምታወራ!
እውነቱን አውጣ፣ ማን ቤት ነው የተደበቅኸው?
ዕዳ ነው? ሴት ናት? ምንድን ነው የሸሸኸው?
ወንድሜ ከጅዳ ሲደውል፣ አላህ ይማረውና፣
ጉድጓድ ገብቶ እንደሚጮህ ነበር፤ ሩቅ ማለት እሱ ነውና።"

"ተራራው ላይ በረዶ አለ እማ፤ ባዘቶ የመሰለ።"
"ጦሳም በውርጭ ያነጣል፤ ማን የለም አለ?"
"ሰዎቹ አማርኛ አይሰሙም!"
"የፓርኩ ቻይናዎችስ? እነሱም አይሰሙም።"
ፎቶ ላክሁላት፤ በረዶውን፣ ድልድዩን፣ እኔን በካፖርት።
"ደሴ ፎቶ ቤቱ መጋረጃ ላይም በረዶ አለ" አለች፣ ያለ አንዳች ርኅራኄ።

አንድ ቀን፣ ጥር ወር ላይ፣ ፀሐይ ስትገባ፣
የመግሪብ አዛን ከማዶ መጥቶ በደረጃው መስኮት ገባ፤
እኔን አልፎ ስልኬ ዋጠው መሰለኝ።
"ያዝኩህ!" ብላ ጮኸች። "በል አሁን ንገረኝ!
አዛናችን አይደል? የታችኛው መስጊድ!
ሁለት እርምጃ ነው፤ ምን ያስፈራል የቤትህ መንገድ!"

ምን እላለሁ? ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፣ እንዳሸነፈ ሰው።
ስለ ረውዳ ፈተና፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን፤ ወሬ ወሬን እያነሳው።
አራት ደቂቃ ይሆናል፤
ከወዲያ፣ ከእሷ ወገን፣ አንድ ጉሮሮ ይጠረጋል፤
ሼህ ጦይብ ናቸው፤ ሁለተኛው ጥሪ ላይ ሁልጊዜ ድምፃቸው የሚሰነጠቀው።
ተሰነጠቀ። (ልጅ ሳለሁ እየኮረጅኩ የተገረፍኩበት ነው።)

ዝም።
"ጀውሃሬ።"
"ወዬ እማ።"
"ሁለት ነው።"
"አዎ።"
"ለካ ሄደሃል።"

ከዚያ "አብሽር" አለችኝ፤
ማንኛችንን እንደምታጽናና አልጠየቅሁም፣ አልነገረችኝ።
ስልኩን መስኮቱ ደፍ ላይ አኑራ ልትሰግድ ሄደች፤
ቀዩን ምልክት የምትነካላት ረውዳ ናት፤ እሷ መዝጋት መች ለመደች።
እኔም አልዘጋሁትም።

ውሃ ሲንቆረቆር ሰማሁ፤ ጉልበቷ ቋ ሲል፤
ባጃጅ ሽቅብ ሲያጣጥር፤
ከሐረጎ የወረደ ከባድ መኪና ፍሬኑን ተንፍሶ ሲያርፍ፤
የማን እንደሆነ የማላውቀው ሕፃን ሲነጫነጭ።
አንድ እንግዳ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ፤ እግሬን ሰበሰብኩለት፤
ይቅርታውንም በሹክሹክታ አልኩት፣
ስግደቷን እንዳልረብሽባት።

ከዚያ የብረት መዝጊያ ሲጎተት፤ ቁልፍ፤ ቀጭ።
ነጃት መድኃኒት ቤቷን ዘጋች፤
መብራቱንም፣ ሞገዱንም አጠፋች፤
ኮምቦልቻ ከእጄ ላይ ጠፋች።